በብርዕና በውሃ ቀለም የሚያዝ የዕለት ማስታወሻ ደብተር



አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ይህ አነጋገር ስለ መጽሐፍ ብቻ የተነገረ መስሎ ቢታይም በውስጡ ሌላ ምሥጢር አለበት። ይኸውም የሚወረሰው ነገር ከመጻፉ አስቀድሞ በደንብ መታየት ያለበት መሆኑ ነው። ያላየውን የሚጽፍ ሰው ለወራሾቹ ስሕተትን ያቆያል። ያየውን በዕለቱና በቦታው በብርዕ ነድፎ፣ በውሃ ቀለም አቅልሞ የሚያኖር ሰው ግን ዓይኑን ያስተምራል፤ እጁን ያሠለጥናል፤ ለሚመጣውም ትውልድ ምስክር ይሆናል። የዚህ ንግግር ጉዳይ እንዲህ ያለው ደብተር ነው።

በብርዕና በውሃ ቀለም የሚያዝ የዕለት ማስታወሻ ሲባል ለዐውደ ርእይ የሚቀርብ ሥዕል ማለት አይደለም፤ የልብን ምሥጢር ብቻ የሚያጠራቅም ጽሑፍም አይደለም። የደብተሩ ባለቤት በዚያ ቀን በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር በአንድ ገጽ ላይ ይነድፋል፤ ቀለሙን አቅጥኖ ይቀባል፤ በአጠገቡም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስፍራውን፣ የነገሩንም ስም በአገሩ ሰዎች አነጋገር፣ ያንንም ስም ማን እንደ ነገረው ይጽፋል። ንድፉ ቅርጽን ይይዛል፤ ቀለሙ ኅብርን ይይዛል፤ ጽሑፉ ደግሞ ሥዕል ሊናገር የማይችለውን ይናገራል። ሦስቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

የዚህን ደብተር ጥቅምና አደራ ለማስረዳት የገዳሪፍና የምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ከጎንደር በጭልጋ በኩል ወርዶ መተማ የሚደርሰው፣ ከዚያም በገላባትና በዶካ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው መንገድ ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ፣ ተሳላሚ፣ ወታደርና ስደተኛ የተመላለሰበት ነው። በዚህ ጠረፍ አንድ ወንዝ በሁለት ስም ይጠራል፤ ጓንግ ሲወርድ አትባራ ይባላል፤ ተከዜ ሰቲት ይሆናል፤ ሽንፋ ራሃድ፣ አይማም ዲንደር ይባላሉ። አንዱን ስም ብቻ ያወቀ ሰው ወንዙን በግማሽ እንዳወቀው ይቆጠራል። ስለዚህ በዚህ አገር የሚያልፍ ተመልካች ያየውን ብቻ ሳይሆን የሰማውንም በጥንቃቄ መመዝገብ አስፈልጎታል።

ከነዚህ ተመልካቾች አስቀድሞ የሚነሣው ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ነው። (ከዚህ ጀምሮ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብሩስ በ1769 በምፅዋ በኩል ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ። ከእርሱም ጋር በ1737 በቦሎኛ ከተማ የተወለደው ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ወጣት ሠዓሊ ነበረ። ባሉጋኒ በመንገድ ያገኛቸውን ዕፅዋትና አዕዋፍ እያየ በእርሳስና በውሃ ቀለም ይሥል ነበር። ኮሶ፣ እንሰት፣ ብሩስም «ቋራ» ብሎ የመዘገበው ባለ ቀይ አበባ ዛፍ፣ እነዚህ ሁሉ በጥንቃቄ ተሥለው ተገኝተዋል። ነገር ግን ሠዓሊው ወደ አገሩ ለመመለስ ሳይበቃ በ1771 በጎንደር ታሞ ሞተ።

ብሩስ በ1771 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጎንደርን ለቆ ደብተሮቹንና ሥዕሎቹን በእንስሳት አስጭኖ ወደ ቆላው ወረደ። ዛሬ የመተማና የገላባት አካባቢ በሆነው፣ ያን ጊዜ ራስ ኤል ፊል ይባል በነበረው ወረዳ ታሞ ተኛ። በ1772 መጋቢት ተነሥቶ በአትባራ አገር ቲያዋ ከምትባለው ቦታ ሲደርስ ፊደሌ የተባለው ሹም ገንዘብ ፈልጎ ብዙ ቀን አስጨነቀው። ከዚያም አምልጦ ሴናር ገባ፤ ከሴናርም ወጥቶ የኑብያን በረሃ ተያያዘው። አስዋን ለመድረስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግመሎቹ ደክመው ወደቁ፤ ሊነሡም አልቻሉም። መሣሪያዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ከሦስት ዓመት በላይ ያጠራቀማቸው ማስታወሻዎችና ንድፎች ሁሉ በአሸዋው ላይ ከሞቱት ግመሎች አጠገብ ተትተው ቀሩ። ነፍሱን ለማትረፍ በእግሩ ሄዶ በ1772 ኅዳር መጨረሻ አስዋን ደረሰ። ጥቂት እንዳረፈም ሌሎች ግመሎች አግኝቶ ወደ በረሃው ተመለሰ፤ ንብረቱንም ባኖረበት አገኘው።

ክቡራን መምህራን፣ በዚህ ታሪክ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ከሞት ያመለጠ ሰው ወደ ሞት ስፍራ የተመለሰው ስለ ወርቅ ብቻ አይደለም። ያየውን ሁሉ በቃሉ ሊናገር ይችል ነበር። ነገር ግን ያለ ደብተሩ ቢናገር ንግግሩ የተረት ያህል እንደሚቆጠር ያውቅ ነበር። በእርግጥም ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ብዙዎች አላመኑትም ነበርና፣ በ1790 አምስት ክፍል ያለውን መጽሐፉን ሲያሳትም ከመዘበት ጋር የተከራከሩለት እነዚያ የተቀለሙ ወረቀቶች ናቸው።

የሆነ ሆኖ ይኸው ታሪክ አንድ ከባድ ነቀፌታ አለበት። ብሩስ በ1770 ኅዳር ወደ ግሽ ዓባይ ሲሄድ ባሉጋኒ አብሮት እንደ ነበረ በመጽሐፉ አልገለጸም፤ የሥዕሎቹንም ምስጋና ለራሱ ወሰደ። ይህ ተሰውሮ አልቀረም። ባሉጋኒ በራሱ እጅ በጣልያንኛ የያዘው የጉዞ ማስታወሻ ከብሩስ ወረቀቶች መካከል ተጠብቆ ስለ ኖረ፣ ሠዓሊው በዚያ ጉዞ ላይ እንደ ነበረ ሊታወቅ ተቻለ። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ በ1991ም የዕፅዋት ሥዕሎቹን የሚመለከት መጽሐፍ በባሉጋኒ ስም ታትሟል። ሁለት መቶ ዓመት ያህል የተሸፈነውን ስም የገለጠው ያው በበረሃ ተጥሎ የተገኘው ጭነት መሆኑ ሊያስደንቅ ይገባል። ደብተር ባለቤቱን እንኳ የሚመሰክርበት ጊዜ አለ።

ከብሩስ ዘጠና ዓመት ያህል በኋላ ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ከሚስቱ ከፍሎረንስ ጋር ወደዚሁ አገር መጣ። ቤከር ሥዕልን እንደ ሞያ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ያየውን በየዕለቱ ይጽፍ፣ በውሃ ቀለምም ይሥል ነበር። ከሥዕሎቹ በለንደን በንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የተጠበቁ አሉ። በ1861 ሰኔ አትባራ ሲደርስ ወንዙ ደርቆ፣ በየስፍራው የቀሩ ኩሬዎች ብቻ ይታዩበት ነበር። በሰኔ 23 ሌሊት ግን ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰዎቹም «ወንዙ መጣ!» እያሉ ጮኹ። ቤከር በማግሥቱ ጧት፣ በሰኔ 24 ቀን፣ ትናንት አሸዋ በነበረው ስፍራ ላይ ስፋቱ 500 ያርድ ያህል፣ ጥልቀቱም ከ15 እስከ 20 ጫማ የሚሆን ታላቅ ወንዝ ቆሞ አየ። በዚያ ስፍራ አንዲት ጠብታ ዝናም አልወረደችም ነበር። ውሃው የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነውና፣ ግብፅን የሚያጠግበው ጐርፍና ደለል ከወዴት እንደሚመጣ ቤከር በዚያች አንዲት ሌሊት በዓይኑ ተረዳ። ቀኑ ባይጻፍ ኖሮ ይህ ነገር ለልጆች የሚነገር አስደናቂ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ቀኑ በመጻፉ ግን የትምህርት ማስረጃ ሆነ።

ከዚህም ሌላ የሁለቱን ሰዎች ደብተር ጎን ለጎን ማስተያየት ይጠቅማል። ብሩስ ክረምት ሲገባና ጥቁሩ መሬት ሲረጥብ ከብትን የሚያሳብድ ዝምብ እንደሚነሣ፣ ከብት አርቢዎቹም መንጎቻቸውን ይዘው ወደ አሸዋማው አገር እንደሚሸሹ ጽፏል፤ የዝምቡንም ሥዕል በመጽሐፉ አስገብቷል። ቤከርም በበኩሉ አረቦቹ በዝናም ወራት ከጭቃውና ከዝምቡ ሸሽተው ወደ ሰሜን እንደሚወጡ መዝግቧል። አንዱ ሌላውን ሲደግፍ እውነት እንዴት እንደሚጸና ከዚህ ይታያል። ቤከር ደግሞ ዝሆንን በሰይፍ የሚገጥሙትን የሐምራን አዳኞች፣ በተለይም ጣሂር ሸሪፍን፣ በየስማቸው ጠርቶ አመስግኗል። ስለዚህ በረዳት ስም ላይ ያለውን አደራ ከባሉጋኒ ታሪክ በነቀፌታ፣ ከቤከር መጽሐፍ በምስጋና መማር ይቻላል።

ነገር ግን ብሩስም ሆነ ቤከር መንገደኞች ነበሩ። መንገደኛ አንድን ዛፍ ሲያብብ አይቶት ቢያልፍ ፍሬውን ላያይ ይችላል። በዚያው አገር የሚኖር መምህር ግን ዛፉን ከነአበባው፣ ከነፍሬውና ቅጠሉን አራግፎ ሲቆም ያየዋል። እንግዲህ ስለዚህ ጠረፍ እጅግ የተሟላ ደብተር ሊይዝ የሚችለው ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ሳይሆን በመተማ፣ በገላባት፣ በዶካና በገዳሪፍ ልጆችን የሚያስተምረው ሰው ነው።

መሣሪያው ከየት ይገኛል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የውሃ ቀለም ማለት የደቀቀ ኅብር በግራር ሙጫ ታሽቶ የተሠራ ነገር ነው። ያም ሙጫ በገዳሪፍና በመተማ ቆላ ከሚበቅለው ግራር ይለቀማል፤ ከዚያ ወደ ሩቅ አገር ተሸጦ፣ በሸክላና በቆርቆሮ ሣጥን ታሽጎ የቀለም ስም ተሰጥቶት ይመለሳል። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪም ከጥላሸትና ካረረ እህል ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ ሲጽፍ ኖሯል። በሱዳን የቁርዓን ትምህርት ቤት ያለውም ልጅ በጥላሸትና በሙጫ በተሠራ ቀለም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ብርዕና ቀለም በጠረፉ በሁለቱም ወገን የቆየ ዕውቀት እንጂ ከውጭ የመጣ ቅንጦት አይደለም። አንድ ብሩሽ፣ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም፣ አንድ ብርዕና ወፈር ያለ ወረቀት ለመጀመሪያው ሥራ ይበቃሉ። ከሦስቱ ቀለሞች ቅይጥ አብዛኛው የሜዳው ኅብር ሊገኝ ይችላል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ነጥቦችን ማስታወስ ይበቃል። በሙጫ ብቻ የተሠራ የጽሕፈት ቀለም እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቀለም የያዘ ሰው አስቀድሞ በውሃ ቀለም ይቀባ፤ ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ በብርዕ መሥመሩን ያውጣ። ውሃ የማይፈታው ቀለም ያለው ግን መሥመሩን ማስቀደም ይችላል። ሁልጊዜም ፈዛዛው ኅብር ይቅደም፤ ደማቁ ይከተል፤ ምክንያቱም በውሃ ቀለም ሥራ ነጩ ኅብር ራሱ ወረቀቱ ነውና፣ አንዴ የጠቆረውን መልሶ ማንጣት አስቸጋሪ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሐሩር ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳለ ይደርቃል፤ ስለዚህ በማለዳ መሥራት፣ ቀለሙንም በርከት አድርጎ መበጥበጥ ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ወረቀቱ እርጥበት ይስባል፤ ሻጋታም ያበላሸዋል። ደብተሩ በቆርቆሮ ሣጥን ወይም በሰም በተነከረ ጨርቅ ቢጠበቅ ይበጃል። ስሕተት ሲገኝ አይፋቅ፤ በቀጭን መሥመር ተሰርዞ እርማቱ በአጠገቡ ይጻፍ። ሰው ሲሳሳትና ሲታረም የሚታይበት ገጽ ከጽዱው ገጽ ይልቅ ያስተምራልና።

በትምህርት ቤት ይህ እንዴት እንደሚሠራበት ሰሊጥን እንውሰድ። የሰሊጥ እርሻ ባለበት አገር ያደገ ልጅ ሰሊጥን የሚያውቅ ይመስለዋል። ብርዕ ይዞ ሲቀመጥ ግን ታችኞቹ ቅጠሎች ፊት ለፊት ጥንድ ሆነው ሲበቅሉ፣ ላይኞቹ ተራ በተራ መሆናቸውን ያያል። አበባው እንደ ደወል መሆኑን፣ ፍሬውም የሚያፈራው ከሥር ወደ ላይ መሆኑን ያስተውላል። ከሳምንት ወደ ሳምንት ቢሥለው የደረቀው ቆባ ከጫፉ ተከፍቶ ዘሩን ሲያፈስ ያገኘዋል። ያን ጊዜ አባቱ ሰሊጡን ፈጽሞ ሳይደርቅ አጭዶ፣ በነዶ አስሮ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ስለ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። እንዲሁም ጥቁሩ መሬት በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን በስንዝር ለክቶ ቢነድፍ፣ ከመጀመሪያዎቹ ዝናሞች በኋላም ያንኑ ስፍራ ተመልሶ ቢያይ፣ ጭቃው እንዴት አብጦ እንደ ዘጋው በራሱ እጅ የተጻፈ ማስረጃ ይኖረዋል። ለዚህ ሁሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ መምህራን ይኖራሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። አንዳንዶቹ ክፍሉ በተማሪ ብዛት ተጨናንቆ፣ ለንባብና ለሒሳብ ጊዜ ባልተገኘበት ስፍራ ሥዕል መጨመር አግባብ አይደለም ይላሉ። ነገር ግን በዚህ ደብተር ልጁ ይጽፋል፤ ይለካል፤ ይቆጥራል። ለሌሎቹ ትምህርቶች የሚያገለግል እንጂ ጊዜያቸውን የሚሻማ አይደለም። ሌሎቹ ደግሞ የሥዕል ስጦታ የሌለው ልጅ ያፍራል ብለው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት እውነት የሚሆነው መምህሩ ለውበት ማርክ የሰጠ እንደሆነ ነው። መመዘኛው «ቅጠሉ ስንት ነው? ቀኑ ተጽፏል ወይ? የነገረህ ማን ነው?» የሚል ከሆነ እጀ ደንዳናውም ልጅ ከሠዓሊው ልጅ ሊበልጥ ይችላል። መምህሩም የራሱን ደብተር ከልጆቹ ጋር ቢይዝ፣ የተበላሸውንም ገጹን ሳይደብቅ ቢያሳያቸው፣ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ነገር አለ። ጠረፍ ጠረፍ ነውና የወታደር ሰፈርና የጥበቃ ስፍራ ለልጅ መልመጃ አይሁን። ሰውም ፈቃዱ ሳይጠየቅ አይሣል፤ በተለይም የተቸገረ ሰው መከራው ለሌላው መለማመጃ እንዲሆን ማድረግ ነውር ነው።

በመጨረሻ የነገሩን ክብደት ማመልከት ይገባል። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ጠፍቷል። በ1888 ጎንደር ስትቃጠል ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት አብረው ጠፍተዋል፤ በ1889 መጋቢት ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ጦርነት ወድቀዋል። በ1984 እና በ1985 በረኃብና በጦርነት፣ በ2020ም በጦርነት ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደው በኡም ራኩባና በሌሎችም ሰፈሮች ተጠልለዋል። ከ2023 ሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ ጦርነት ከካርቱምና ከሌሎች የሱዳን ክፍሎች ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ሸሽተዋል፤ በመተማም በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩ አሉ። መንገዱ ያው ነው፤ ተጓዡ ብቻ አቅጣጫውን ለወጠ። ቤቱን ጥሎ የሚሰደድ ልጅ ሰሊጡን፣ ዛፉንና የወንዙን ዳር ይዞ ሊሄድ አይችልም። ደብተሩን ግን በብብቱ ሊይዝ ይችላል። ደብተሩም ባይተርፍ እንኳ፣ በመሣል የሠለጠነው ዓይኑ ያየውን አይረሳም።

እንግዲህ፣ ክቡራን መምህራን፣ ለተማሪው የሚሰጠው ነገር የቀለም ሣጥን ብቻ አይደለም። ያየውን እንዳየው የመመዝገብ፣ የረዳውንም ሰው ስም ያለ መደበቅ ልማድ ነው። ብሩስ ስለ ደብተሩ ወደ በረሃ በመመለሱ ይመሰገናል፤ የባሉጋኒን ድርሻ በመሸፈኑ ይነቀፋል። ከጠረፉ ትምህርት ቤቶች አንዱ ልጅ እንኳ የመጀመሪያውን ትጋት ወስዶ ሁለተኛውን ጉድለት ቢተው፣ የመምህሩ ድካም ፍሬ አግኝቷል ማለት ነው።